ዓይንን «እርስዎ» የሚሉት ጋሽ ስማቸው

ጋሽ ስማቸው ማረፋቸውን የሰማሁት ዳባት መናኸሪያ አጠገብ ሽንኩርት ስመርጥ ነው። ከደባርቅ የመጣው የሚኒባስ ረዳት መኪናው ገና ሳይቆም በመስኮት ብቅ ብሎ፣ «የትርንጎ እናት፣ የዓይኑ ሰውዬ እኮ አረፉ» አለኝ። ሽንኩርቱን መለስሁና ያው መኪና ሞልቶ እስኪመለስ ጠብቄ ደባርቅ ሄድሁ።

ድንኳኑ ውስጥ የማውቀው ሰው አልነበረም። በሩ አጠገብ ተቀምጬ ሳለቅስ አንዲት ትልቅ ሴት ጠጋ ብለው ለሟቹ ምናቸው እንደሆንሁ ጠየቁኝ። ዘመድ አይደለሁም፣ ጎረቤትም አይደለሁም። ብዙ አሰብሁና እውነቱን ተናገርሁ።

«የልጄን ግራ ዓይን ሰላም ይሉ ነበር።»

አብዳለች ይሉኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። ሴትዮዋ ግን ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አድርገው፣ የእሳቸውንም ቀኝ ዓይን እንዲሁ ሰላም ይሉት እንደነበር ነገሩኝ። ከጎናቸው የተቀመጡት ባለመነጽር ሽማግሌ ደግሞ፣ የእኔን ሁለቱንም ነበር፣ አንዱ ቅር እንዳይለው በየተራ፣ አሉ። እዚያ ጥግ ላይ የነበርን ሰዎች ከዚያ በኋላ በደንብ ማልቀስ አልቻልንም።

ጋሽ ስማቸው ደባርቅ ውስጥ የዓይን ነርስ ነበሩ። ሰው ሁሉ ዶክተር ይላቸዋል፤ እሳቸው ደግሞ በየቀኑ፣ ሳይሰለቹ፣ ዶክተሩ ጎንደር ነው ያለው፣ እኔ የዓይን ዘበኛ ነኝ ይላሉ። ቀጭንና አጭር ናቸው። የደባርቅን ብርድ ስለማይችሉት ጋቢያቸውን መጀመሪያ ይለብሱና ነጩን ጋዋን ከላይ ይደርቡበታል፤ ከኋላ ሲያዩዋቸው ዱቄት የሞላ ጆንያ የሚራመድ ይመስላል። በልጅነታቸው የቆሎ ተማሪ ነበሩ። ከዚያ ትምህርት እስከ መጨረሻው አብሯቸው የኖረው በግዕዝ መቁጠር ነው። የዓይን ጠብታ ሲያደርጉ «አሐዱ» ይሉና ጠርሙሱን ይከድኑታል። አንድ ጊዜ፣ ለጥንቃቄ አንድ ይደገምላት ብዬ ለመንኋቸው። ዓይን ጠላ አይደለም፣ ይደገም አይባልም አሉኝ።

ዋናው ነገራቸው ግን ሰላምታው ነው። ሰውን እንደ ዕድሜው አንተም አንቺም ይላሉ፤ ዓይንን ግን የማንም ይሁን የማን «እርስዎ» ነው የሚሉት። በሽተኛው ወንበር ላይ ሲቀመጥ እጃቸውን እፍ እፍ ብለው ያሞቃሉ፣ ጎንበስ ይላሉ፣ ከዚያ ለዓይኑ እንዴት አደሩ ይላሉ። የአራት ወር ሕፃን ዓይን «እርስዎ» ሲሉ፣ ሕፃኑን ደግሞ «አንተ ቀበጥ» ሲሉት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ለምን እንደሚያደርጉት አንድ ቀን ጠየቅኋቸው። ሰውን ባስቀይም ይቅርታ እጠይቃለሁ፣ ይቅርታ ጠይቄው የተመለሰልኝ ዓይን ግን እስካሁን የለም አሉኝ።

ተንኮልም ያውቃሉ። ሳንቃ በር ከሚባለው ቦታ የመጣ አንድ የስሜን ፓርክ ጠባቂ ዓይኑ መድከሙ ከታወቀ ጠመንጃዬን ይቀሙኛል ብሎ ፈርቶ ነበር። ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ሰሌዳ ምልክቶቹ ወዴት እንደሚያዩ ተመርምሮ ከወጣ ሰው ጠየቀና በቃሉ አጠና። እኛ በረንዳው ላይ ተራ ስንጠብቅ ሲያጠና እንሰማዋለን፤ ወደ ቀኝ፣ ወደ ላይ፣ ወደ ግራ እያለ። ጋሽ ስማቸውም በበሩ ክፍተት ይሰሙታል። ሊገባ ሲል ሰሌዳውን ገልብጠው ሰቀሉት። ሰውዬው ቀጥ ብሎ ቆሞ ከላይ እስከ ታች አንድ ሳይቀር ተሳስቶ አነበበላቸው። ጋሽ ስማቸው ጠመንጃ የሚቀማ የለም ብለው መነጽር ሰጡት። ባርኔጣው ሥር ደብቆት ወጣ።

እኔን ከእሳቸው ጋር ያገናኘን የገና ጨዋታ ነው። የትርንጎ አባት በዕድሜው ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ ሩር መትቶ አያውቅም። በየዓመቱ የገናውን ዱላ ይዞ ይሮጣል፣ ይሰነዝራል፣ የእንጨቱ ኳስ እዚያው እንደተቀመጠ ይቀራል፣ ሰው ይስቃል። በዚያ ዓመት መታው። ጎረምሶቹ ራሳቸው ማመን አቅቷቸው ቆሙ። ሩሩ ዳር ቆማ ስታጨበጭብለት የነበረችውን የዘጠኝ ዓመት ልጁን ግራ ዓይኗ ላይ አገኛት።

ጎንደር ወሰድናት። ሐኪሙ በመሣሪያ አዩና ከዓይኗ ጀርባ ያለው ስስ ነገር እንደተሰነጠቀ፣ ደምም እንዳለ፣ አሁን ከመጠበቅ በቀር የሚደረግ ነገር እንደሌለ፣ ጠባሳ ሊያመጣ እንደሚችልና ክትትሉን ደባርቅ እንድናደርግ ነገሩኝ። ሁሉንም እሺ እሺ አልሁ። ምንም አልገባኝም። እኔ አምስተኛ ክፍል ላይ ያቆምሁ ሰው ነኝ፤ ሐኪም ፊት ደግሞ የተማርሁት አምስቱም ይጠፋብኛል።

ደባርቅ ስንደርስ ጋሽ ስማቸው መጀመሪያ የትርንጎን ግራ ዓይን ሰላም አሉ። እንዴት ዋሉ፣ መቼም ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም፣ ዱላ በማያውቅ ሰው ነው የተመቱት አሏቸው። ዓይኗን ነው የምለው። ትርንጎ ከተመታች በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ከዚያ እኔን አዩኝና ነጠላዬ ጫፍ ላይ የቋጠርሁት ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። ጎረቤቴ የሰጠችኝ ቅጠል ነበር፣ ተጨምቆ ዓይን ውስጥ የሚገባ። አምጪው አሉና አሸተቱት፣ ለወጥ ሳይሆን አይቀርም ብለው መሳቢያቸው ውስጥ ቆለፉበት።

ጠባሳው ከየት እንደሚመጣ ያስረዱኝ በዚያ ቀን ነው። ወደ በረንዳው አወጡኝና አንዱን የበረንዳ ምሰሶ በሁለት እጃቸው እቅፍ አድርገው ያዙት። ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ዞሮ አየን።

«ይህ ምሰሶ የደም ሥር ነው በይ። እኔ ደግሞ የደም ሥሩ ደጋፊ ነኝ።»

ሥጋችን የተሠራው ሕይወት ባላቸው ትንንሽ ጡቦች ነው፣ ሕዋስ ይባላሉ አሉኝ። ከእነሱ መካከል በቀጫጭን የደም ሥሮች ላይ ከውጭ ተለጥፈው፣ እንዲህ አቅፈው፣ እንዳይፈርሱና እንዳያፈሱ የሚይዙ አሉ። ሥራቸው መያዝ ብቻ ነው። ዓይን ሲመታ ግን ከእነዚህ ደጋፊዎች አንዳንዶቹ የያዙትን ይለቁና ወደ ቁስሉ ይሮጣሉ። ይህን ሲሉ ምሰሶውን ለቀው በረንዳውን በሩጫ አቋረጡ፤ ጋቢው ተከተላቸው። እዚያ ሲደርሱ ይበዛሉ፣ ያዥ መሆናቸውን ይረሱና መራጊ ይሆናሉ። ስንጥቁን ይደፍኑታል፤ ይህ ደግ ነው። ችግሩ በቃ የሚላቸው የለም። ዓይን ደግሞ ብርሃን ማስገቢያ ነው፤ ምርጊት ከበዛበት ብርሃኑ የት ይገባል?

ይህን ብለው የራሳቸውን ቤት ነገር አወሩን። በወጣትነታቸው ደባርቅ ዳር ቤት ሠሩ፣ ለምርጊቱም ደቦ ጠሩ። ጠላው ጥሩ ነበር፣ ጭቃው በደንብ ቦክቷል፣ ሰዉ እየዘፈነ ይመርጋል። እሳቸው ሥራ ውለው ማታ ሲገቡ ቤቱ ከውጭ እንደ እንቁላል ለስልሷል። አመስግነው ተኙ። ሲነቁ ጨለማ ነው። ዶሮ ጮኸ፤ ይህ ዶሮ አብዷል ብለው ዞረው ተኙ። ላም ጮኸች፤ ላሚቱን ዶሮው አሳሳታት ብለው ለሚስታቸው አስረዱ። በመጨረሻ ጎረቤት እነዚህ ሙሽሮች ምን ሆኑ ብሎ በሩን ሲያንኳኳ ወጡና ፀሐይ አናታቸው ላይ ቆማ አገኟት። ደቦው መስኮቱን መርጎታል። ለምን ብለው ሲጠይቁ ብርድ እንዳይገባባችሁ ብለን ነው አሏቸው፤ እንዲያውም ምስጋና አልጨመርህም ብለው ተቀየሙ።

«ደጎች ናቸው» አሉኝ። «ክፋት የለባቸውም። ጥፋታቸው አለማቆማቸው ነው። በልጅሽ ዓይን ውስጥ ያሉትም እንዲሁ ናቸው።»

የሚያስቆማቸው መድኃኒት ካለ ብዬ ጠየቅሁ። ምርጊቱን ብቻ ለይቶ የሚያስቆም ገና በእጃችን የለም፣ የተማሩ ሰዎች እየመረመሩት ነው፣ ነገሩን በአይጥ ዓይን ላይ አይተውታል ይባላል አሉ። የአይጥ ዓይን የሚያይ ሐኪም መኖሩ ገረመኝ። በእኛ ቤት አይጦችን የምታያቸው ድመቷ ናት፣ አንዴ ካየቻቸው ደግሞ ቀጠሮ አያስፈልጋቸውም። ጋሽ ስማቸው ግን ወዲያው ሳቃቸውን ተዉና የሚያስፈራውን ነገሩኝ። ስንጥቁ ባለበት ከወራት በኋላ እንኳ አዲስ ደካማ የደም ሥር ሊበቅል ይችላል። እሱ ከበቀለና ካፈሰሰ ደጋፊዎቹም ይከተሉታል፣ ምርጊቱም መሃሉ ላይ ይሆናል። ያን ጊዜ ልጅቱ በዚያ ዓይን የሰው ፊት አታይም። ቶሎ ከተደረሰበት ግን የደም ሥሩን የሚያደርቅ መርፌ ጎንደር አለ። ሁሉም ነገር የተንጠለጠለው ቶሎ በመምጣት ላይ ነው።

ለዚህ ብለው ካሬ ካሬ መስመር ያለበት፣ መሃሉ ላይ ጥቁር ነጥብ ያለበት ወረቀት ሰጡኝ። በየጠዋቱ ጤነኛውን ዓይን በመዳፏ ትሸፍንና በግራው ነጥቡን ትይ፤ መስመሮቹ ከጎበጡ ወይም ከጠፉ በዚያው ቀን ይዘሻት ነይ።

በየጠዋቱ አሉኝ እንጂ እኔ በጠዋት፣ ከምሳ በፊት፣ ከምሳ በኋላ፣ ውኃ ቀድታ ስትመለስ፣ ስታስነጥስ ሁሉ አሳያት ነበር። ትርንጎ መሮኛል ትላለች። ወረቀቱን እንዳይጠፋ ከበሩ አጠገብ ሰቀልሁት፤ ጥጃዋ በላችው።

ሌላ እስክቀበል አንድ ቀን ማሳለፍ ፈራሁ። ከትርንጎ ደብተር ባዶ ገጽ ቀደድሁ፣ ማስመሪያ ስለሌለን በቢላዋ ጀርባ አስደግፌ አሰመርሁ፣ ነጥብም አደረግሁበት። በማግስቱ ጠዋት ትርንጎ ዓይኗን ሸፈነችና ቆየች።

«እማዬ፣ መስመሮቹ ጎብጠዋል።»

እንዴት ሚኒባስ ውስጥ እንደገባሁ አላውቅም። ደባርቅ ደርሰን ተራውን ሁሉ እየለመንሁ አለፍሁና ወረቀቱን ጋሽ ስማቸው ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት። ጎንበስ ብለው አዩት። መነጽራቸውን አወለቁና እንደገና አዩት። አንድ ዓይናቸውን ሸፈኑ፣ ቀጥሎም ሌላውን።

«የትርንጎ እናት፣ ለእኔም ይጎብጣል» አሉ።

የጥበቃውን ሠራተኛ ጠሩት፤ ለእሱም ይጎብጣል። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ መጣች፤ ለእሷም። ሁላችንም ጎንደር መላካችን ነው አሉና መሳቅ ጀመሩ። ቢላዋችን አንጥረኛ የሠራው ነው፣ ጀርባው ጎባጣ መሆኑን ልብ ብዬ አላውቅም። ጋሽ ስማቸው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፣ ወንበር ይዘው ሳቁ፣ በረንዳው ላይ ያለው ሰው ምንነቱን ሰምቶ አብሮ ሳቀ። ሲበቃቸው የትርንጎን ዓይን በደንብ አዩ፣ ደህና ነው አሉ፣ ሦስት ወረቀት ሰጥተው አንዱ ለጥጃዋ ነው አሉኝ።

እኔም እዚያ ሳቅሁ። መኪና ውስጥ ግን ከደባርቅ እስከ ዳባት ፊቴ እንደ እሳት ይነደኝ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ለማሳየት ከተቀጠርንበት ቀን በቀር አልሄድሁም። ትርንጎ ትንሽ ነገር ስትል ቆይ ነገ እንየው እላለሁ። እኔ፣ ልጄ ባስነጠሰች ቁጥር ወረቀት የማሳይ ሰው፣ ቆይ ነገ ማለት ለመድሁ።

በጾመ ፍልሰታ አንድ ጠዋት ትርንጎ ወረቀቱ ፊት ቆማ የመሃሉ መስመር ሆዱ ወጥቷል አለችኝ። ወረቀቱ የታተመው ነው። ነገር ግን ባለፈውም ጎብጧል ብላኝ ነበር። አባቷን ጠየቅሁት፤ ሰውዬው ይሰለቹናል፣ ለገበያ ስንወጣ እናሳያት አለ። ገበያው ከሦስት ቀን በኋላ ነው። እኔም ተስማማሁ። እሳት ላይ ሽሮ ጥጄ እያማሰልሁ ያ ሁሉ ሰው ሲስቅብኝ ይታየኛል። ገና በአንድ እጄ እያማሰልሁ ትርንጎን ጠራሁና ፊቴን በግራ ዓይንሽ ብቻ እይኝ አልኋት። አየችኝ።

«አፍንጫሽ የለም» አለችኝ።

ሽሮውን እሳት ላይ ትቼው ወጣሁ። አባቷ በኋላ እንደነገረኝ ድስቱም አልተረፈም።

በዚያ ቀን ጋሽ ስማቸው አልሳቁም። ዓይኗን በመብራታቸው ካዩ በኋላ ቀና ሲሉ ፊታቸው ተለውጦ ነበር። ራሳቸው ጎንደር ደወሉ፣ ራሳቸው ወረቀት ጻፉ፣ መናኸሪያ ድረስ አብረውን መጥተው ሹፌሩን መንገድ ላይ ሰው እንዳትለቅም ብለው አስማሉት። በቤታችን በር አጠገብ ሳንቆም አለፍን። ጎንደር መርፌው ዓይን ውስጥ እንደሚገባ ሲነግሩኝ እኔ ወደቅሁ፤ መጀመሪያ የታከምሁት እኔ ነኝ። ትርንጎን ግን አስተኝተው ወጓት፣ ከሳምንታት በኋላም ደገሙላት፣ የደም ሥሩ ደረቀ። የተመረገው ምርጊት ተመልሶ አይነሳም። ከመሃሉ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ጠባሳ ሆኖ ቀረ። በዚያ ዓይኗ ከካሬዎቹ መካከል አራቱ ደብዛዛ ናቸው፤ የሰው ፊት ግን ከነአፍንጫው ታያለች። ሦስት ቀን ብትቆዩ ኖሮ አላውቅም አሉን ሐኪሙ።

ይህን ለጋሽ ስማቸው ስነግራቸው ገበያውን ልጠብቅ እንደነበርም ሳልፈልግ አመለጠኝ። በሩን ዘጉት፣ ከዚያ ወንበራቸውን ወደ እኔ አስጠጉ።

«ያ ሳቄ ነው ያስቀረሽ?»

አይደለም ለማለት አፌን ከፈትሁ፤ ውሸቱ አልወጣ አለኝ።

«የልጅቱን ዓይን ልወስደው ነበር ማለት ነው» አሉ። «ይቅር በይኝ። ከእንግዲህ በዚህ ክፍል ውስጥ አልስቅብሽም። አንቺ ብቻ መቶ ጊዜ በከንቱ ነይ።»

መቶ አልሞላም። እስከ ዛሬ ዓመት ሐምሌ ድረስ አሥራ አንድ ጊዜ ሄድሁ። አሥራ አንዱንም ጊዜ ምንም አልነበረም። አንዴ ሽፋሽፍቷ ላይ የእህል ገለባ ነበር፣ አንዴ እንቅልፍ አልጠገበችም፣ አንዴም ትምህርት ቤት ፈተና ነበረባት። ሁልጊዜ አስቀምጠው እንደ መጀመሪያው ቀን ያዩዋታል፣ ፊታቸው እንደ ዳኛ ነው፣ ጥሩ አደረግሽ ብለው ይሸኙኛል።

አሥራ አንደኛው ላይ ትርንጎ በጠዋት ወደ ደጅ ወጣችና፣ እማዬ ዛሬ ሁሉ ነገር ነጭ ሆኖብኛል አለችኝ። እጇን ይዤ ሮጥሁ። ሚኒባሱ መብራቱን አብርቶ እንደ ኤሊ ይሄዳል፣ ረዳቱ አንገቱን አውጥቶ መንገዱን ይመራል፣ ተሳፋሪው ሁሉ እግዚኦ ይላል። እኔ የልጄን ዓይን እያሰብሁ ነበርና አንዱንም ልብ አላልሁትም።

ጋሽ ስማቸው ዓይኗን ረጅም ጊዜ አዩት። ነጩ ነገር ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቁ፤ ከጠዋት ጀምሮ ነው አልሁ። በሌላው ዓይንሽስ አሏት። በዚያም ነጭ ነው አለች። ይህን ጊዜ ቀስ ብለው ወደ መስኮቱ ዞሩ። ከስሜን ተራራ የወረደው ጉም ግቢውን ውጦታል፤ አጥሩ የለም፣ በሩ የለም፣ የጥበቃው ሠራተኛ ድምፁ ብቻ ይሰማል። እኔም አብሬያቸው አየሁት።

ወደ እኛ ሲመለሱ ፊታቸው አልተነቃነቀም። ጥሩ አደረግሽ ሊሉኝ ጀመሩና ድምፃቸው መሃል ላይ ቀጠነ። ከንፈራቸውን ነከሱ። አገጫቸው ይንቀጠቀጣል፣ ጋቢው ይንቀጠቀጣል፣ ላዩ ላይ ያለው ጋዋንም አብሮ ይንቀጠቀጣል። እንባ ያቀረሩ ዓይኖቻቸውን ወደ እኔ አንስተው እንደሚለምን ሰው አዩኝ።

«የትርንጎ እናት» አሉኝ። «ልሳቅ?»

«ይሳቁ ጋሼ» አልኋቸው።